ያልተለካው የእማዬ ጉድጓድ

ታናሽ ወንድሜን እቤት ውስጥ «ዳኛው» ነው የምንለው። ልጅ ሆኖ ዳቦ ሲያካፍል ትንሿን ለራሱ ያስቀር ነበር፤ አድጎም ይኸው አመሉ አልለቀቀውም። አሁን የጉድጓድ ውሃ ካርታ ይሠራል። ውሃው ደህና የሆነበትን ሰፈር አረንጓዴ፣ ጥርስ የሚያበልዝና አጥንት የሚጎዳ ፍሎራይድ የበዛበትን ቀይ ይቀባል።

እማዬ የምትጠጣው ከጓሮዋ ጉድጓድ ነው። ጉልበቷ አልታጠፍ ካለ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ከወንበር የማነሳት እኔ ነኝ። ውሃው ይሆን እንዴ ብዬ ስንት ጊዜ ነዘነዝኩት መሰላችሁ። ካርታውን ይዘረጋልኛል፤ የእማዬ ሰፈር አረንጓዴ። እሷም ዳኛው ደህና ነው ብሏል ብላ፣ ከቤቴ የማመጣላትን ውሃ አትነካም።

ለክታችሁት ነው ወይ ስለው፣ የለም። የተለኩት ዙሪያውን ያሉ አራት ጉድጓዶች ናቸው። የመሃሉን ኮምፒዩተሩ ከእነሱ ተነስቶ ይገምተዋል፤ የቅርቡ ጉድጓድ ቃል ይበልጥ ይሰማል፣ የራቀው በርቀቱ ልክ ያንሳል። እሺ፣ የእማዬን ለምን አትለካውም? ለእናቱ አዳላ ይባላላ! አይ ጨዋነት! አንጀቴን ነው የሚያሳርረው።

ባለፈው ወር እማዬ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታት ትዕግሥቴ አለቀ። ቢሮው ሄጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ግምትህ ከአራቱ ጉድጓዶች ከመጥፎው ብሶ ሊወጣ ይችላል?» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አይችልም። ሁልጊዜ በመሃላቸው ነው የሚውለው።»

«ስለዚህ የእማዬ ውሃ መርዝ ቢሆንም ካርታህ አረንጓዴ ነው የሚለው።»

ጃኬቱን አንስቶ ተከተለኝ፤ ውሃውን በገዛ እጁ በጠርሙስ ቀዳ፣ እማዬንም ውጤቱ እስኪመጣ እንዳትጠጪው አላት። ላቦራቶሪው ጋ ግን ወረፋ አልዘልም ብሎ ሙጭጭ አለ። ዘጠኝ ቀን! በዘጠኙም ቀን ጀሪካን ተሸክሜ ተመላለስኩ።

ውጤቱ ከአራቱ ከከፋው ጉድጓድ ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። ዳኛው ራሱ ሊነግራት መጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን እያጣጠፈና እየዘረጋ፣ የሕዝብን ተራ ለእናቴ ብዬ መውሰድ ከብዶኝ ነው አላት።

እማዬ ጉልበቷን እያሻሸች ሰማችው። ብትቆጣው በወደደ ነበር።

«እኔስ ልጄ፣» አለችው፣ «ሕዝብ አይደለሁም?»