መሬቱ የከዳኝ ጊዜ

መጀመሪያ ማዞሩ የያዘኝ አማን ከተማ ባለው ሱቃችን ውስጥ ነው። ለደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ቀለም ላወርድ ቀና ስል ቤቱ ዞረ። ወደቅሁ። ዓይኔን ብጨፍንም መዞሩ አልቆመም። አስመለሰኝ። ባለቤቴ ናስር ደግፎ ሕክምና ወሰደኝ። "ቨርቲጎ ይባላል። ከውስጠኛው ጆሮ የሚመጣ ነው፤ ያልፋል" አሉንና ክኒን ሰጡኝ።

እውነትም ቤቱ መዞሩን ተወ። እኔ ግን እንደ በፊቱ አልሆንኩም። ስራመድ መሬቱ እንደ ስፖንጅ ፍራሽ ይሰረጉድብኛል። ሰው በበዛበት ይብሳል። ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል። እያደር ማዞሩ ሳይመጣ ፍርሃቱ ይቀድም ጀመር።

መጀመሪያ ሰርግ መሄድ ተውኩ። ከዚያ ገበያ። ከዚያ ሱቁን። በመጨረሻ ሽንት ቤት የምሄደው ግድግዳ ይዤ ሆነ። ግፊትም ስኳርም ደምም ተመረመርኩ፤ ሁሉም ደህና። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። ቁርኣን ሲቀራልኝ ልቤ ያርፋል፤ ስነሳ ወለሉ ያው ነው። ደከመኝ። "ዛሬስ እንዴት ነሽ?" ለሚለኝ መልስ መስጠቱም ደከመኝ።

ቴፒ ያገባችው ልጄ ሐያት የበኩር ልጇን ወለደች። ላርሳት ብዬ መናኸሪያ ደረስኩ። መኪናው በር ላይ መሬቱ ከዳኝ። ተመለስኩ። አራሷን የተንከባከበቻት አማቷ ነች። "እማ፣ ግድ የለም" አለችኝ በስልክ። ግድ እንዳላት ከድምጿ አወቅሁ።

ያን ጊዜ ናስር ጅማ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። መንገዱን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ ትከሻው ላይ ተደገፍኩ። ሐኪሙ አስተኝቶ ጭንቅላቴን ወዲህ ወዲያ አዞረ፣ ዓይኔን አየ፣ አስነስቶ አራመደኝ።

"ጆሮዎ ድኗል። አሁን የሚያዞርዎት ጭንቀቱ ነው።"

አለቀስኩ። "ዶክተር፣ በሽታ የለብሽም እያሉኝ ነው?"

"አላልኩም። ማዞሩ የእውነት ነው። የመጀመሪያው ሕመም አስደንግጦዎታል፤ ሰውነትዎ አሁንም መውደቅን እየጠበቀ ነው። በፈሩ ቁጥር ይጠነቀቃሉ፣ በተጠነቀቁ ቁጥር ይብስብዎታል።"

የማዞሩን ክኒን አስቁሞ የጭንቀት መድኃኒት አዘዘልኝ። ዓይኔን አንድ ነገር ላይ ተክዬ ጭንቅላቴን ማዞር አስተማረኝ፣ በየቀኑ እንድራመድም ነገረኝ። "መጀመሪያ ይብሳል፤ እንዳይደነግጡ" አለኝ።

ባሰብኝ። ልተወው ነበር። ጎረቤቴ አስቴር ግን ሁልጊዜ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ደጄ ትቆማለች።

"ልያዝሽ?"

"አትያዢኝ። አጠገቤ ብቻ ሁኚ።"

"እሺ። ከወደቅሽ አነሳሻለሁ፤ በይ ውጪ።"

መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ እሷ ስለ ልጆቿና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን እያወራችልኝ፣ እኔም አንዳንዴ ማዞሩን ረስቼ እየሳቅሁ፣ እስከ ገበያው መሀል መሄድ ቻልኩ። ማዞሩ ሲመጣ ቆሜ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እኔም መንገዴን እቀጥላለሁ።

በመጨረሻ ቴፒ ሄድኩ። በቡናው እርሻ መካከል መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ማዞሩ ቢመጣብኝም አልወረድኩም። የልጅ ልጄ አላወቀኝምና አለቀሰ። ሐያት አየችኝና "እማ፣ እዘይው" አለችኝ። ራሴን መሸከም ያቃተኝ ሴት እንዴት ልዘለው? ጀርባዬ ላይ አድርጋ አንቀልባውን አሰረችልኝ። ወለሉ ተነቃነቀ። ቆምኩ። ልጁ ሲያንቀላፋ ትንፋሹ አንገቴን ያሞቀኝ ነበር።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሱቄ ውስጥ ነኝ። ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ አልልም፤ እንቅልፍ ሳጣና ሐሳብ ሲበዛብኝ ይመለሳል። እንደኔ የሚያዞራችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ጆሯችሁንም ልባችሁንም ተመርመሩ። ሐኪሙ ጭንቀት ነው ካላችሁ አትፈሩ፣ አትናደዱ፤ የሚታከም ነው። ተኝታችሁ ብቻ አትጠብቁት። ለቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፦ ናስርም አስቴርም አንድም ቀን "ምንም የለብሽም" ብለውኝ አያውቁም። እናንተም አትበሉ። ጫማችሁን አድርጉና አብራችሁ ውጡ።