የኸሚሳ ሦስት የጥሎሽ ቴምሮች

ኸሚሳ የቴምሮቹ ጎድጓዳ ውስጥ እንቁራሪት አየሁ ስትል ባሏ ቱሃሚ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ።

«የአጎቴ ልጅ» አላት እንደ አገሩ ባሎች ወግ፣ አፉን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ «በዚህ በዋዲ ሱፍ በረሃ እንቁራሪት የሚታየው በሕልም ነው። እሱም ውሃውን ተሸክሞ ካልመጣ ይሞታል።»

«እኔ ያየሁት አልሞተም። ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ።»

«ምን አለሽ ታዲያ?»

«ባልሽ ጆሮ የለውም አለኝ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ከቱሃሚ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ኖራለች። አንዴ ከሳቀ በኋላ እሱን ማስረዳት አሸዋን እንደ መምከር መሆኑን ታውቃለች። ትሪውን አንስታ ወጣች። እንቁራሪቱ ግን ከልቧ አልወጣም። የተቀመጠው ከሦስቱ ዛፎቿ በአንዷ፣ በስስታሟ ግርጌ ነበር።

ዛፎቹ የራሷ ናቸው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆና ስትዳር አማቷ በምስክሮች ፊት ሦስት የቴምር ዛፍ ለጥሎሽ በስሟ አስጻፉላት። ወርቅም ነበረ፤ ወርቁ በልጆች በሽታና በክፉ ዘመን አለቀ። ዛፎቹ ግን ቆመው ቀሩ። ስም ያወጣችላቸው እርሷ ናት። አንዷ እንደ ሚናራ ቀጥ ያለች ስለሆነች ቀጥተኛዋ ተባለች። ሁለተኛዋ ወደ ምዕራብ ያዘነበለች ናትና ጎባጣዋ ሆነች። ሦስተኛዋ ከሁሉ ዘግይታ የምትሰጥ ስስታሟ ናት፤ ስትሰጥ ግን ፍሬዋ ከመጥራቱ የተነሳ ወደ ፀሐይ ሲይዙት ውስጡ ያለው ዘር ይታያል። ቱሃሚ እንኳ የእነዚህን ሦስቱን ፍሬ ለመቁረጥ ሲወጣ ከግርጌ ቆሞ «ባለቤቷ ፈቅዳለች?» ብሎ ይጣራል። ኸሚሳም ከጎድጓዳው አፋፍ ሆና «አስቤ እነግርሃለሁ» ትላለች። ከሠርጋቸው ጀምሮ ይህ ቀልዳቸው ነው።

በእነርሱ አገር ቴምር ውሃ አይጠጣም፤ ማለት ሰው አያጠጣውም። አያቶቻቸው ውሃውን ወደ ዛፉ ማምጣት ቢያቅታቸው ዛፉን ወደ ውሃው ወሰዱት። አሸዋውን እንደ ትልቅ ገበታ ጎድጉደው፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ አንድ ክንድ ሲቀራቸው እዚያ ተከሉ። ሥሩ ራሱ ወርዶ ይጠጣል። ለሰው የቀረው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ነፋስ ያስገባውን አሸዋ ማውጣት። ይህ ሥራ ደግሞ አያልቅም።

የቱሃሚ ዕድሜ በዘንቢል አለቀ ቢባል ውሸት አይሆንም። ከንጋት ሰላት በኋላ ይወርዳል፣ ይሞላል፣ ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል፣ ደፍቶ ይመለሳል። ግራ ትከሻው ከቀኙ ያነሰው ለዚህ ነው። በጎድጓዳው አፍ ዙሪያ በዘንባባ ዝንጣፊ አጥር አጥሯል፤ ነፋሱ ይጥላል፣ እሱ ያቆማል። ነፋሱንም እንደ ክፉ ጎረቤት ስሙን እየጠራ ይሰድበዋል። «ትናንት ያወጣሁትን ራሱን ነው የመለስክልኝ! ምናለ አንድ ቀን እንኳ የራስህን ይዘህ ብትመጣ!»

የሚኮራበት ሙያው ግን ሌላ ነው። በልጅነቱ ውሃው ወደ ታች የሸሸበት ዘመን ነበረ። ዛፎቹ ቢጫ ሆኑ። ያን ጊዜ አባቱ የቆመውን ዛፍ ሳይነቅል ዙሪያውንና ከሥሩ በታች እየቆፈረ፣ በገመድ እያሰረ፣ ከነነፍሱ አንድ ክንድ ዝቅ ያደርገው ነበር። ቱሃሚ ሙያውን ከአባቱ ወረሰ። አርባ ያህል ዛፍ አውርዷል፤ አንድም አልሞተበትም። እንግዲህ ለእርሱ፣ ለእርሱ ብቻም ሳይሆን ለአገሩ ሁሉ፣ ቢጫ ዛፍ የተጠማ ዛፍ ነው። የተጠማ ዛፍ ደግሞ ወደ ውሃ ይወርዳል። ይህንን የማያውቅ ሰው እዚያ አልተወለደም።

መከራው የመጣው ከዚሁ እውቀት ነው።

ከዚያ ስድስት ዓመት በፊት ወደየቤቱ ቧንቧ ገብቶ ነበር። ውሃው ከምድር ሆድ ከሩቅ የሚሳብ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ይወጣል። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ኸሚሳም አብራ እልል አለች። ሰው ታጠበ፣ ምንጣፍ አጠበ፣ ግቢ ረጨ። እጣቢው ከጓሮ አሸዋው ላይ ይደፋል፤ አሸዋውም ጭልጥ ያደርገዋል። ጠጥቶ የት ያደርሰዋል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ኸሚሳም አልጠየቀችም። ይህንን በኋላ ስታስበው በራሷም ተናደደች።

በብርዱ ወራት ስስታሟ ቢጫ መሆን ጀመረች።

«ተጠምታለች» አለ ቱሃሚ በጎድጓዳው አፍ ቆሞ፣ ጺሙን እያሻሸ። «ከሁሉ በፊት ያንቺን ነው የማወርደው።»

«የእኔን ተዋት። ካማረህ በራስህ ዛፎች ጀምር።»

«እንዴት ሆኖ? የራሱን አጠጥቶ የሚስቱን ጥሎሽ አስጠማ ልባል ነው?»

ኸሚሳን አንጀቷን የሚያሳርራት ይህ ነው። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ መጣላት ቀላል ነበር። እሱ ግን ዛፏን ሊገድልባት የተነሳው በፍቅር ነው፤ በፍቅር የተነሳን ሰው በምን ይመልሱታል?

ዓርብ ቀን ወንዶቹ ለጁምዓ ሰላት ሲሄዱ ብቻዋን ወረደች። በስስታሟ ግርጌ ተንበርክካ በእጇ ጫረች። አንድ ክንድ መቆፈር ነበረባት፤ ገና የእጇ አንጓ ሳይሰጥም ጣቷ ረጠበ። ውሃው እንደ ድሮው ጥሩ ውሃ አልነበረም፣ የቆየ እጣቢ ይሸታል። ከሥሮቹ አንዱን ሳብ ስታደርገው ያለ ምንም ትግል እጇ ላይ ቀረ። ጥቁር ሆኗል፣ በስብሷል። በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

ቱሃሚ ከመስጊድ ሲመለስ ሥሩን ከኩስኩሱ ሳህን አጠገብ አስቀምጣ ጠበቀችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የስስታሟ ሥር። አሽትተው።»

አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። «አህያው ሸንቶበት ነው።»

«አህያው ከመሬት በታች ገብቶ ነው የሚሸናው?»

«አንቺ ያንን አህያ አታውቂውም።»

«እኔ የማላውቀው አህያ የለም» አለች ኸሚሳ፣ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ጠቅ አድርጋ። «ውሃው ወጥቷል ነው የምልህ! እንቁራሪት ነገርኩህ፣ ሳቅህ። ጎድጓዳውን ትንኝ ሞላው ብዬ ነገርኩህ፣ ቴምር የነካ እጅሽን ታጠቢ አልከኝ። አሁን ሥሯን አምጥቼ አፍንጫህ ሥር አስቀመጥኩ። ምን ቀረኝ? ውሃው ራሱ መጥቶ በሩን ያንኳኳልህ?»

ቱሃሚ ሥሩን ገፋ አድርጎ ጎረሰ። ኩስኩሱንም ጨረሰ።

እርሷም የመጨረሻ ተስፋዋን በጎረቤታቸው በሐጂ ለዓሩሲ ላይ ጣለች። ሽማግሌው ዛፍ ሲወርድ ከቱሃሚ አባት ጋር ገመድ የያዙ፣ አሁንም ከቱሃሚ ጋር የሚይዙ ሰው ናቸው። በበሩ ሲያልፉ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«ሐጂ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩልኝ። ውሃው እየወጣ ነው።»

«ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው በትዕግሥት፣ «ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ውሃ ሲሸሽ አይቻለሁ። ሲመጣ ግን አላየሁም።»

«እርስዎ ስላላዩት አይመጣም?»

«እኔን ሳያስታውቅ ወዴት ይመጣል?» ብለው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ሄዱ።

ማክሰኞ ስስታሟን አወረዷት። ኸሚሳ አልሄድም ብላ ምላ ነበር፤ ሆኖም ከሁሉ ቀድማ አፋፉ ላይ የተቀመጠችው እርሷ ናት። ቱሃሚ ሥራውን እንደ ሁልጊዜው በንጽሕና ሠራ። ዙሪያውን ቆፈረ፣ ገመዱን አሰረ፣ በሆዱ ተኝቶ ከሥሯ በታች ያለውን አሸዋ በእፍኝ እያወጣ ወደ ኋላው ጣለ። ልብሱ እስከ ደረቱ ረጥቦ ነበር። ሰው ሆዱ እስኪርስ ድረስ ተኝቶ እንዴት አይገባውም? ኸሚሳ ከላይ ሆና ጥርሷን አፋጨች።

«ቢስሚላህ! ልቀቁ ቀስ ብላችሁ!» አለ።

ሐጂ ለዓሩሲና አብረዋቸው ገመድ የያዙት ለቀቁ። ስስታሟ ጥቂት ተንገዳገደችና ወረደች፤ ቧ! ብላ ውሃ ውስጥ ገባች። ጭቃው የቱሃሚን ፊት መታው። ውሃው ከየጎኑ እየመነጨ ገብቶ ጉልበቱ ድረስ ደረሰ፣ እዚያም ቆመ።

አህያው ጆሮውን አራገፈ።

«ይሄ...» አሉ ሐጂ ለዓሩሲ ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው፣ «ይሄ ውሃ አላስታወቀም።»

ኸሚሳ ወርዳ እጁን ይዛ አወጣችው። በጭቃው መካከል ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ፤ እንደዚያ እንቁራሪት።

«አልኩህ ማለት አያምርብኝም» አለችው ፊቱን በሻሿ እየጠረገች። «ግን አልኩህ።»

ስስታሟ ወር ሳትቆይ ሞተች። የአናቷ ለጋ ቡቃያ፣ ልቧ የሚሉት፣ ሲስቡት እንደ በሰለ ነገር ተነቅሎ መጣ። ቱሃሚም ወደ ጎድጓዳው መውረድ ተወ። ከቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዘንቢሉን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ይውላል። የሌሎቹ ዛፎች ቅጠል መንጣት ጀመረ። ቀጥተኛዋም ከጫፏ ገረጣች። ኸሚሳን አሁን ከባሏ ስድብ ይልቅ ዝምታው አስመረራት። ነፋሱን እንኳ አልሰደበም።

ጎባጣዋ ግን አረንጓዴ ነበረች።

ኸሚሳ ይህንን ያየችው ቱሃሚ መውረድ በተወ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ካየችው በኋላም አንድ ቀን ሙሉ አፋፉ ላይ ተቀምጣ አሰላሰለችው። ጎባጣዋ የተሻለ አፈር ላይ አይደለችም፣ ከፍ ያለ ቦታም ላይ አልቆመችም። ምን ለያት? ያዘነበለችው አሸዋው ወደሚፈስበት ወገን ነው። በነፋስ ጊዜ ግንዷ እስከ ወገብ ይቀበራል። ቱሃሚ ሁልጊዜ «ይቺን ነገ አወጣታለሁ» እያለ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርስባት፤ ያን ዓመት ደግሞ ጨርሶ አልደረሰባትም። ወረደችና አሸዋውን ከግንዱ ላይ ገለጥ አደረገች። ከተቀበረው ግንድ ነጫጭ አዳዲስ ሥሮች እንደ ጣት ወጥተዋል፤ ከውሃው በላይ፣ በደረቁ አሸዋ ውስጥ።

ወደ ቤት ሮጠች ማለት ይቻላል።

«ተነስ። አሸዋ መመለስ አለብን።»

«ወዴት?»

«ወደ ጎድጓዳው። ወገባቸው ድረስ ቅበራቸው፣ ከላይ አዲስ ሥር ያወጣሉ። ጎባጣዋ አውጥታለች። ናና እይ።»

ቱሃሚ ቀና ብሎ አያት። «አርባ ዓመት ያወጣሁትን?»

«አዎ።»

«በዚህ ትከሻ?»

«በዚያኛውም ቢሆን።»

«ሂጂ ወዲያ!» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

እርሷም ዘንቢሉን ከጉልበቱ ላይ ወስዳ ሄደች። ከአፋፉ አሸዋ ሞልታ በቀጥተኛዋ ግርጌ ደፋች። እንደገና ሞላች። ሰው አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያት ጀመር። «የቱሃሚ ሚስት አሸዋ ወደ ውስጥ ታስገባለች፤ ፀሐይ መቷት ይሆን?» ሲሉ ሰማች። አንዷም ሴት «እህቴ፣ መውጫውን ነው የሳትሽው?» ብላ ሳቀችባት። ኸሚሳ ዓይኗ ውስጥ የገባውን ላብ በክንዷ ጠርጋ ሌላ ዘንቢል ሞላች። ይህ ሁሉ ወሬ ከሷ ቀድሞ ቤት ደረሰ።

አሥራ አምስተኛው ዘንቢል ላይ ነው መሰለኝ፣ ቱሃሚ ብቅ አለ።

«እንደዚያ ነው የሚደፋው?» አለ ከላይ። «በአንድ ወገን ከምረሽ ልትጥያት ነው? በዙሪያዋ! በዙሪያዋ አድርጊ! ኧረ በአላህ፣ ዘንቢሉንም አያያዝ አታውቂም!»

«አሳየኝ።»

ወርዶ ቀማት። ሲያጉረመርም ዋለ። በማግስቱም ሲያጉረመርም ዋለ። በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ አጥሩን ማፍረስ ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ያቆመውን የዝንጣፊ አጥር እየነቀለ ወደ ጎን ጣለና፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ና እንግዲህ! በሩን ከፍቼልሃለሁ! ግባ!»

ነፋሱ አልመጣም። አርባ ዓመት ሳይጠሩት የመጣው ነፋስ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጠፋ። ቱሃሚ በየጠዋቱ ጣቱን አርሶ ወደ ላይ ያነሳል፣ ምንም የለም። «አየሽው?» ይላታል፣ «አየሽው ይሄን ውሻ? ሲፈለግ የለም!» ኸሚሳ ሳቋን ለማፈን ሻሿን ትነክሳለች። ያ የምታውቀው ባሏ ተመልሷል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ፤ የአራት ቀን አሸዋ ይዞ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መከር አልፏል። ጎድጓዳው ግማሽ ሞልቷል። ከቱሃሚ ዛፎች ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ቀድመው የበሰበሱት አሸዋውን አልጠበቁም። ቀጥተኛዋ ሁለት ዓመት በሕይወትና በሞት መካከል ቆይታ ዘንድሮ ሦስት ዘለላ አወጣች። የሐጂ ለዓሩሲ ጎድጓዳ ኩሬ ሆኗል። እሳቸው ግን አሁንም ውሃው ተመልሶ እንደሚሸሽ ይናገራሉ።

ጎባጣዋ ስለተቀበረች ዘለላዋ ከሰው ደረት በላይ አይደለም። በመከር ቀን ቱሃሚ ገመዱን በወገቡ አስሮ እንደ ልማዱ ለመውጣት መጣ፤ የሚወጣበት ግንድ ግን አጣ። ቆሞ ዘለላውን አየው፣ እጁን ዘረጋ፣ ነካው። ተበሳጨ።

«ሰው ቴምር ቆሞ ይለቅማል?»

«ነውር ከሆነብህ ቁጭ ብለህ ልቀም» አለች ኸሚሳ።

ገመዱን ከወገቡ ሳይፈታ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ኸሚሳ አጠገቡ እንዳልቆመች ሁሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ አፋፉ ተጣራ።

«ባለቤቷ ፈቅዳለች?»

ኸሚሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታስብ «ፈቅዳለች» ብላ መለሰችለት።