ሰንበት ቀድማ የገባችበት አርብ

ልጅ እያለሁ አርብን እጠላው ነበር። ሌላው የታች ጋይንት ልጅ ቀኑን በጉጉት ይጠብቀዋል፤ ገበያ አለ፣ ሸንኮራ አለ። ለእኛ ለቤተ እስራኤሎች ግን አርብ ማለት ከጀምበር ጋር መሽቀዳደም ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ሸክላዋን የምትሸጠው በአርብ ገበያ፣ ሰንበት የምትገባውም አርብ ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ከዚያ በፊት ቁልቁለቱን ወርደን፣ ወንዙ ላይ ከነልብሳችን ታጥበን ቤት መድረስ ነበረብን። ከእኛ ወገን ካልሆነ ሰው ጋር ተነካክቶ ሳይታጠቡ መንደር መግባት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሰንበት ከገባች ደግሞ እሳት የለም፣ ሸክም የለም፣ መንገድ የለም። ስለዚህ እናቴ ገበያ ስትውል አንድ ዓይኗ ከገዢው፣ አንዱ ከሰማይ ነበር። አመሏ ተጋብቶብኝ እስከ ዛሬ አርብ ከሰዓት በኋላ አርፌ መቀመጥ አልችልም።

አንዱን አርብ ግን አልረሳውም። ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ክረምት ከገባ ሸክላ አይደርቅምና እናቴ ያላትን ሁሉ ይዛ ወጣች፤ ገና ዳዴ ያልጀመረውን ወንድሜን ለአክስቴ ትታ። ገበያው ቀዘቀዘ። ሰው እንስራውን በጣቱ ያንኳኳል፣ አፉ ጠበበ ይላል፣ ትቶ ይሄዳል። ካፊያ የነካው ሸክላ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። እኔ ቀሚሷን እየጎተትሁ "እንሂድ እማ" እላለሁ፤ እሷ "ትንሽ፣ ትንሽ" ትላለች።

ግማሹን ሳይሸጥ ተሸክመን ተነሣን። መንገድ ላይ ሳለን ሰማዩ ድፍን አለና ጀምበሯ የት እንዳለች ጠፋን። ከአንዲት ጎጆ ፊት ለፊት፣ ወይራው ሥር ስንደርስ፣ የቤቱ ዶሮዎች ተራ በተራ ወደ ቆጣቸው ሲገቡ እናቴ አየች። ሰዓት አልነበራትም፤ ሰዓቷ ዶሮ ነበር። ቀጥ ብላ ቆመች።

"ገባች" አለች፤ ሸክሟንም አውርዳ ወይራው ሥር ተቀመጠች።

"ቤትስ?"

"ቤት ነገ ማታ።"

"ወንድሜስ?"

ፊቷን ወደ መንደራችን አዞረች።

የጎጆዋ ባለቤት፣ አንዲት ክርስቲያን ሴት፣ ብቅ ብላ ራቅ ብላ ቆመች። እሷ ዓይናችንን ትፈራለች፤ ቡዳ ናቸው ይባላላ። እኛም እጇን እንፈራለን። "ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አለች።

"ሰንበታችን መንገድ ላይ ገብታብን ነው።"

ሴትዮዋ ሳቀች። "ጀምበር እኮ ገና ናት! ዶሮዎቼን ደመናው አሳስቷቸው ነው።"

እውነትም ብዙ ሳይቆይ ደመናው ተሰነጠቀና ጀምበሯ ከጋራው በላይ አንድ ክንድ ሆና ወጣች። ዘልዬ ተነሣሁ። እናቴ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"ተነሺ እንጂ እማ፣ አልገባችም እኮ!"

"ተቀብያታለሁ። እንግዳን ከተቀበሉ በኋላ ገና ነሽ፣ ውጪ ይባላል?"

ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ፣ ወይራውን ዞርሁት። ያን ጊዜ ሰንበትን ራሷን ጠላኋት። እናቴ ነጠላዋን ስታስተካክል የቀሚሷ ደረት ርሶ አየሁ። ካፊያው መስሎኝ ነበር፤ ወተቷ ነበር። ወንድሜ የሚጠባበት ሰዓት አልፏል። እሷም አየችው። ብድግ አለች።

"ሰንበት እናት ናት፣ ታውቃለች" አለች። "ሸክሙን ግን አልነካም።"

እንስራውንም ድስቱንም እዚያው ትተን ሮጥን። ወንዙ ላይ ታጥበን መንደር ስንደርስ ጀምበሯ ጋራውን ነክታ ነበር። አክስቴ ደጃፍ ላይ የሚያለቅሰውን ልጅ እሹሩሩ ትላለች። እናቴ እርጥብ ልብሷን ሳትቀይር አጠባችው። ቤቱ አክስቴ ለሰንበት የጋገረችው ዳቦ ይሸት ነበር።

እሑድ ተመልሰን ስንሄድ አንድም ዕቃ አልጎደለም። "የእናንተን ዕቃ ማን ደፍሮ ይነካል?" አለችን ያቺ ሴት። እናቴ እስከ ቤት ድረስ ሳቀች። "መፈራትም ለካ ዘበኛ ነው" እያለች። እኔ ግን አላሳቀኝም፤ ሰው የማይነካው ዕቃ አሳዘነኝ።

ዛሬ ንፋስ መውጫ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። እናቴና ያ ወንድሜ ኢየሩሳሌም ከገቡ ዓመታት አለፉ፤ እኔ ተራሽ ይደርሳል እየተባልሁ ቀረሁ። እዚያ ሰንበት ስትገባ ሳይረን ይጮኻል አሉ፤ ዶሮ የሚያሳስተው የለም። እናቴ ግን ሳይረኑን አታምነውም። ብዙ ነገር ረስታለች፤ የልጅ ልጆቿን ስም ሳይቀር። አርብ ከሰዓት ሲሆን ግን መስኮቱ ጋ ትቆምና "ያቺ ልጅ ከገበያ ገባች?" እያለች ወንድሜን ታስጨንቀዋለች። እሱም ይደውልልኛል።

"ገብተሻል?" ትለኛለች።

"ገብቻለሁ እማ።"

"ታጥበሻል?"

"ታጥቤያለሁ።"

"እሰይ። በይ በሩን ዝጊው" ትልና እፎይ ስትል ይሰማኛል።

ውሸቴን ነው፤ አልገባሁም። ስልኩን አስቀምጬ በባጃጆች ጩኸት መሐል ከሱቄ ደጅ እቆማለሁ። ጀምበሯ ከጋራው በላይ ገና አንድ ክንድ ናት፤ እግሬ አላርፍ ይለኛል።