ማንም አልተረፈም ያልኩበት ፊልም

ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው። እንግሊዝኛንም ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ላይ ብቻዬን ተማርኩ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዓለም ከተማ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ቪዲዮ ማሳየት ሲጀምር፣ ቆሞ የሚተረጉም ሰው ተፈለገ። ከእኔ ሌላ ማን ነበር? ሰው የሚመጣው ከፊልሙ ይልቅ ለእኔ ድምፅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ የወጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት ሳለ፣ ለቴሌቪዥን የተሠራ የአደጋ ፊልም ታየ። ጉም በሸፈነው ሰፊ አስፋልት ላይ መኪናው ሁሉ እየተላተመ ይቆለላል፤ ተማሪዎችን የጫነ አውቶቡስ ከመሀል ተጨፍልቋል። ባለቤቴና ልጃችን ከፊት ተቀምጠዋል። ልጄ ለነርስነት ትምህርት አዲስ አበባ ተጠርታ፣ ሰኞ በአውቶቡስ የጀማን ወንዝ ገደል ልትወርድ ሻንጣዋ ተሸክፏል።

መጨረሻው ላይ ሐኪም ወጥቶ ለእናቶቹ አንድ ነገር ነገራቸው። ፈጥኖ ስለተናገረ አልገባኝም። እናቶቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ከልጆቻችሁ አንድም አልተረፈም" አልኩ። ፊልሙ በዚያው አለቀ፤ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ "ጋሼ፣ በጸሎት እንዳስባቸው የክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ" አለችኝ። ከሐሳቤ እያወጣሁ ነገርኳት።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ሻንጣውን ፈታችው።

"የእኔ ልጅ በዚያ ገደል አውቶቡስ አትሳፈርም።"

"ያ እኮ የፈረንጅ አገር ነው።"

"በሰፊው መንገድ እንዲያ ካለቁ፣ በጀማ ቁልቁለት ማን ሊተርፍ ነው? አንተው አይደለህ የነገርከን?"

ልጄ ጓሮ ተከትላኝ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ናት።

"አባባ፣ ልጆቹ እኮ ድነዋል። ሐኪሙ ሁሉም ተርፈዋል ነው ያለው። እናቶቹ ደስ ብሏቸው ነው ያለቀሱት። ለእማዬ ይንገሯት።"

"ከእኔ በልጠሽ ልታውቂ ነው?"

"እኔ ብላት አታምነኝም። የምታምነው እርስዎን ነው።"

ለእናቷ አልነገርኳትም። ብነግራት፣ ያች ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት ምን ትለኝ ነበር? ሰኞ ጠዋት የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ ሦስታችንም ቤት ነበርን። ልጄ ገብስ ታበጥር ነበር፤ ቀና አላለችም። የትምህርት ቦታዋ ለሌላ ተሰጠ።

እናቷ እውነቱን ሳታውቅ ሞተች። ጎረቤት ዛሬም የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፤ በአካባቢው እንግሊዝኛ አዋቂ የምባለው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ልጄ አንብባ ትነግረኛለች፤ እኔም ወጥቼ ለሰውየው እነግራለሁ።