ያላረዳሁት መርዶ

የእህቴ ልጅ ሳባ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ተለዋጭ ዘይቤ ታጠናለች። "ልቡ ድንጋይ ነው" ሲባል የሰሚው አእምሮ ነገሩን በምን መንገድ እንደሚረዳ ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት የጽሑፏን የመጨረሻ ምዕራፍ በስልክ ላከችልኝና አማርኛውን ብቻ እንዳርምላት ለመነችኝ። እኔ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የአገሬን ሰዎች ልጆች ፊደል ሳስቆጥር ያረጀሁ ነኝ፤ እርማት አይሰለቸኝም። ምዕራፉ ወደፊት ምን ይጠና የሚል ነው። ሰሚው መጀመሪያ በቀጥተኛው ፍቺ በኩል ያልፋል ወይስ በአንዴ ዘይቤው ላይ ይደርሳል? በሁለተኛ ቋንቋ ሲሆንስ ይዘገያል? ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሰው ኑሮ ውስጥ እንዴት ይጠና? እዚህ ላይ ስደርስ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝና ስልኩን አስቀመጥኩት።

እዚሁ ሱዳን፣ ዶካ አጠገብ ሰሊጥ ሳጭድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዝናቡ አቁሞ ጥቁሩ መሬት መሰነጣጠቅ ሲጀምር፣ ሰሊጡ ሳይራገፍ እንድንደርስበት ከንጋት እስከ ማታ ጎብጠን እንውላለን። ጓደኛዬ ታደለና እኔ ከአርማጭሆ፣ ከአንድ ቀዬ የመጣን ነን። ታደለን ወባ በሦስት ቀን ወሰደው። ማሳው ዳር ቀብረነው ወደ አጨዳችን ተመለስን፤ ሰሊጥ አይጠብቅማ።

እናቱ እትዬ አስካለ ቀድመውን መጥተው ዶካ ገበያ ኪስራ የሚባለውን የሱዳን ስስ እንጀራ እየጋገሩ ይሸጡ ነበር። በኛ ወግ መርዶ እንደ ተራ ወሬ መንገድ ላይ አይነገርም። የአገር ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀመስ ቤት ድረስ ሄዶ ያረዳል። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። የአጫጆቹ አለቃ ጋሽ ወርቁ በሎሪ አሳፈሩኝና ዶካ ላሉት ሽማግሌዎች ብቻ እንድነግር፣ ለእናትየው ግን ጨርሶ እንዳልታይ አጥብቀው አዘዙኝ።

ምን ያደርጋል! ከሎሪው ስወርድ መጀመሪያ ያገኘሁት እሳቸውን ነው። አገላብጠው ሳሙኝና "ታደለስ?" አሉኝ። መናገርም ዝም ማለትም አቃተኝ።

"እትዬ፣ ዘንድሮ ሳይደርስ የታጨደ ሰሊጥ አለ" አልኳቸው። ነገር በምሳሌ ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ "ሳይደርስ ማጨድማ ጥፋት ነው፤ ለእርሻው ወኪል ንገሩት እንጂ" ብለው ገበያው ውስጥ ካለው የሣር ዳሳቸው አስገቡኝ። ኪስራ በደረቅ ባሚያ ወጥ አቀረቡልኝ። ቃሪያው ያቃጥላል፤ ጎንበስ ብዬ በላሁ። ታደለ ሥራ ሲበዛበት መብላት እንደሚረሳ እየነገሩኝ ለእሱም ቋጥረው ሰጡኝ።

አልገባቸውም ብዬ ደመደምኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስም አለኝ። ሽማግሌዎቹ ጋ ብሄድ ለምን ታየሃት ብለው ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁና በዚያው ሎሪ ተመለስኩ። ቋጠሮውን ለሾፌሩ ሰጠሁት፤ በላው። ለጋሽ ወርቁ መልእክቱን አድርሻለሁ ብዬ ዋሸኋቸው።

አጨዳው አልቆ ዶካ ስገባ እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው አገኘኋቸው። ከወር በላይ ቆይቶ ሌላ አጫጅ ለአገር ሰው ተናግሮ ኖሯል። እግራቸው ላይ ወድቄ ያን ዕለት ያልኳቸው ያልገባቸው መስሎኝ እንደነበር ተናዘዝኩ።

"ገና አፍህን ስትከፍት ገብቶኛል" አሉኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "ነገ ሲነጋ ሰው ይዞ ይመጣል አልኩ። ያችን አንዲት ማታ የልጅ እናት ሆኜ ልደር ብዬ ነው እንዳልሰማ የሆንኩት። በማግስቱ እሳት ሳላያይዝ በሬን ከፍቼ ጠበቅሁ። በሦስተኛውም ቀን ጠበቅሁ። ሳልረዳ እንዴት ልጩህ? ተሳስቼ እንደሆነስ? እንዲሁ ስጠብቅ ስንት ቀን ነጋ መሰለህ፣ ልጄ።"

እትዬ አስካለ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ሲነጋ በሩን ስከፍት እስካሁን እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

የሳባ ምዕራፍ ስለ ሰሚው ነው የሚጠይቀው፣ በስንት ቅጽበት ገባው እያለ። አማርኛዋን አርሜ ስጨርስ ከግርጌ ሁለት ነገር ጨመርኩላት። ገብቶት እንዳልገባው የሚሆን ሰው ይጠና፤ ቀጥተኛውን ቃል ፈርቶ ዘይቤ ውስጥ የሚደበቅ ተናጋሪም ይጠና። ወዲያው ደወለችልኝ። ሐሳቡን ወዳዋለች፤ ግን እንዲህ አድርጌያለሁ ብሎ በአፉ የሚናገር ሰው ከየት ይገኛል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አለሁ ልላት አሰብኩ። አማርኛሽ ጥሩ ነው ብያት ስልኩን ዘጋሁ።