ይችላል ወይስ አይችልም

የያዙኝ ምሳ ስበላ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ እናቴ ቤት ሁለት ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ገቡና አንደኛው «ከውጭ የመጣኸው ዶክተር አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩ።

«ለጥያቄ ትፈለጋለህ። አሁን ትመለሳለህ።»

እናቴ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። ከባሕር ማዶ የመጣሁትም እሷን ለማየት ነው። ከአልጋዋ ሆና ለሠራተኛዋ «ምግቡን ክደኚው፣ ይመለሳል» ስትል ሰማኋት። እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ።

ከዚያ በፊት የሽርሽር መርከብ ሐኪም ነበርኩ። ትምህርቴን ውጭ አገር እንደጨረስኩ ያገኘሁት ሥራ ነው። ጡረታ የወጡ ሀብታሞችን ከወደብ ወደብ የሚያዞር ትልቅ ነጭ መርከብ ነበር። ማዕበል ሲነሳ የሚያስመልሳቸውን አስተኛለሁ፣ ፀሐይ የላጠውን ትከሻ ቅባት እቀባለሁ። አንዳንዴ ልቡ የደከመ ሽማግሌ ሲያጋጥም ካፒቴኑ ያስጠራኝና «ጉዞውን ይችላል ወይስ አይችልም?» ብሎ ይጠይቀኛል። የሰውየውን የደም ሥር ይዤ እመልሳለሁ። አይችልም ካልኩ በሚቀጥለው ወደብ ያወርዱታል።

አብዮት ጠባቂዎቹ ወደ ቦሌ ወሰዱኝ። ቀበሌው ከባለቤቱ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ጽጌረዳው አሁንም አብቧል። እስር ቤቱ ጋራዡ ነው። የብረት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ በተርታ የተዘረጋ ብዙ እግር፣ ከፊሉ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከፊሉ ጫማ እስከማያስገባ ድረስ ያበጠ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የሞተር ዘይት፣ ላብና የሽንት ባልዲ። ሽታ ለሐኪም አዲስ አይደለም። ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። ያን ያህል ሰው በአንድ መኪና ማደሪያ ታጭቆ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ግባ ልጄ፣ አብሽር» ያሉኝ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ እዚያው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል። ጠጋ አሉና የተደገፉትን ግድግዳ ለቀቁልኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሐኪም ነኝ። መርከብ ላይ።»

«የጦር መርከብ?»

«አይደለም ሐጂ፤ ሰዎች ለሽርሽር የሚሄዱበት ነው።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«የትም። ዞረው ይመለሳሉ።»

«ሱብሐን አላህ፣ እንዲህ ያለም አለ ለካ» አሉ። ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ከገባሁ ከሐጂ ሌላ የሰማሁት የመጀመሪያው የእስረኛ ድምፅ እሱ ነው።

እሳቸውን የያዟቸው በልጃቸው ምክንያት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፤ ከቤት ከጠፋች ሰንብታለች። «የት እንዳለች ንገረን ይሉኛል» አሉኝ። ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እዚያ ሰው የማያውቀውን ሊናገር አይችልም፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

በማግስቱ እኔን መረመሩኝ። መርማሪው ወጣት ነው። ካኪው በደንብ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የረጋ። ከየወደቡ የማንን መልእክት እየተቀበልኩ እንደማመላልስ ጠየቀኝ። ስለ ሥራዬ ነገርኩት። ስለ ምግብ ቤቱ፣ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ መዋኛ ገንዳው።

«መርከቡ ላይ መዋኛ ገንዳ አለ ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«ባሕር መሃል?»

«አዎ።»

«በባሕር ተከቦ ገንዳ የሚሠራ ማን ነው?»

እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ሳስበው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። «አስብበትና ትመጣለህ» ብሎ ወደ ጋራዡ መለሰኝ።

ሐጂን የጠሯቸው ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ጠዋት ነው። ነጭ ቆባቸውን አስተካክለው፣ በየተራ ሰላም ብለውን ወጡ። ቆይቶ ከቪላው በኩል ሬዲዮ በኃይል ተከፈተ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ጆሮውን በሁለት እጁ ሲይዝ አየሁት። ሬዲዮው ለምን እንደሚከፈት ያኔ አላወቅኩም ነበር።

ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተ። «ዶክተሩ ይውጣ!»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ታሞ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ፤ ለሥራዬ ተፈለግኩ ብዬ። ወደ ቪላው ሳሎን አስገቡኝ። አበባ ያለበት መጋረጃ፣ ወለሉ ላይ ቀይ ምንጣፍ። በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል ብረት ተጋድሟል። ሐጂ እጅና እግራቸው አንድ ላይ ታስሮ ብረቱ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ራሳቸው ወደ ታች፣ ውስጥ እግራቸው ወደ ላይ። ወፌ ላላ የሚሉት ይህ ነው። በስም ሰምቼው ነበር። ቆባቸው ምንጣፉ ላይ ወድቋል።

መርማሪው ሬዲዮውን ቀነሰው።

«እየው እስቲ» አለኝ። «ይችላል ወይስ አይችልም?»

«ምኑን?» አልኩ። የምሬን ነው፣ አልገባኝም ነበር።

«ብንቀጥል ይችላል ወይ ነው የምልህ። ሳይናገር እንዲሞትብኝ አልፈልግም።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ካፒቴኑ እንደሚጠይቀኝ ነው የጠየቀኝ። ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ሄዱ። ከገመዱ በታች የሐጂን የደም ሥር ፈልገው አገኙት። ይፈጥናል፣ ግን ጠንካራ ነው። የእድሜ ልክ መንገደኛ ነጋዴ ልብ ነው። መልሱ ምላሴ ላይ መጣ፤ ይችላል።

ያን ጊዜ የደነገጥኩትን ድንጋጤ በቃል ማስረዳት አልችልም። እጄን እሳት እንደነካው ሰው ሳብኩት። አይችልም ብልስ ብዬ አሰብኩ። አይችልም ማለትም መልስ ነው። ዛሬ ለአንዱ አይችልም ካልኩ፣ ነገ ሌላውን ሲያመጡልኝ ይችላል ማለቴ አይቀርም። ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። ተገልብጠው ያዩኛል። አልለመኑኝም።

ጎንበስ አልኩና ቆባቸውን አነሳሁ።

«ሐኪማቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ሕመምተኛዬ ናቸው። ይውረዱና ላክማቸው። ሌላውን ጥያቄ አልመልስም።»

መርማሪው ወደ ጠባቂዎቹ ዞሮ፣ የሰማውን እነሱም ሰምተውት እንደሆነ ለማረጋገጥ ይመስል አያቸው።

«ማን ቀጠረህ?» አለኝ። ቆቡን አጥብቄ ያዝኩ። «ጥሩ» አለ፤ «ሽማግሌውን አውርዱት። ዶክተሩ ራሱ ይችል እንደሆነ እንይ።» ሬዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገው።

ስለዚያ ብዙ አልናገርም። የእግርን አጥንቶች ሁሉ በስማቸው አውቃቸው ነበር፤ ያን ቀን ስማቸው አንድ በአንድ ጠፋኝ።

ሁለታችንንም በብርድ ልብስ ጎትተው ጋራዡ ውስጥ ጣሉን። ስነቃ ቆቡ አሁንም እጄ ውስጥ ነበር። በጉልበቴ እየዳህኩ ወደ ሐጂ ሄድኩ። እስረኞቹ የሚጠጡትን ውሃ ሰጡኝ፤ ተማሪው ሸሚዙን ቀደደልኝ። እግራቸውን አጥቤ ጠቀለልኩት። ከዚያ የደም ሥራቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁና መሃል ላይ ቆመብኝ። መንካት አቃተኝ። ያው እጅ ነው፣ ያው ቦታ።

ሐጂ አዩኝ። ክንዳቸውን በዝግታ አነሱና እፊቴ ዘረጉት።

«እንካ፣ ያዘው» አሉኝ። «እዚያ ሳትጠይቀኝ ያዝከው። አሁን የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

ያዝኩት።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ሐጂ።»

«እንግዲያው ያንተንም አምጣው።»

የእጄን አንጓ ያዙ። ጣቶቻቸው ያረፉት ከደም ሥሩ ርቆ ነው፤ ምንም እንደማይሰማቸው አውቃለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ።

«ይመታል» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ወዲያ ያን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን በየጠዋቱ ከሰው ሰው እየዳህኩ፣ በኋላም እያነከስኩ፣ «ልይዎት?» እያልኩ አያቸው ነበር፤ ትልቁንም ትንሹንም በአንቱታ። መድኃኒት አልነበረኝም። አብዛኛው ሰው ግን እጁን ይሰጠኝ ነበር።

ሐጂን አንድ ቀን ሳይታሰብ ፈቷቸው። ምንም አልተናገሩም ነበር። እኔን ወደ ትልቁ እስር ቤት አዛወሩኝና ዓመታት ቆየሁ። ፍርድ ቤት ሳልቀርብ ገባሁ፣ ሳልቀርብ ወጣሁ። እናቴ ማረፏን የሰማሁት የወጣሁ ቀን ነው። ወደ መርከብ ሥራ አልተመለስኩም፤ መውጫ ቪዛም የሚሰጠኝ አልነበረም። ሲፈቀድም እድሜው አልፎ ነበር።

አሁን ጎሮ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ አለኝ። ቪላው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። አትላስ ስሄድ በታክሲ አልፈዋለሁ፤ ከታች የጫማ መደብር ነው።

ሐጂ በእርጅና ነው ያረፉት፣ አልጋቸው ላይ፣ በልጆቻቸው ተከበው። ለቅሶው ላይ ከእንግዶቹ መሃል ልቀመጥ ስል አንዲት ሴት መጥታ እጄን ያዘችና ከወንድሞቿ ጎን አስቀመጠችኝ። ያኔ መርማሪዎቹ ፈልገው ያጧት ልጅ እሷ ነበረች። ጸጉሯ ሸብቷል።

«አባቴ ‹ሐኪሜ› ነበር የሚልዎት» አለችኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ ወጣት ሐኪሞች ታሪኩን ከሰው ሰምተው፣ ያን ቀን እንዴት ደፈሩ ይሉኛል። ድፍረት እንዳልነበረ እነግራቸዋለሁ። ደንግጬ ነው። እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያ መልስ ምላሴ ላይ እንዴት በቀላሉ እንደመጣ ዛሬም ሳስበው እደነግጣለሁ። ይህ ድንጋጤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።