ጫት ሳይገባ

«እስቲ ይህን ልጅ ምከርልኝ» የሚል ሰው ሲመጣብኝ የምገባበት ይጠፋኛል። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ጢሜ ሸብቷል፣ ሚስት የለኝም፣ ብዙም አልናገርም። ይህን ያየ ሁሉ ብልህ ነው ብሎ ያስባል። ዝም የምለው ግን የምናገረው ስለሌለኝ ነው።

ደግሞስ በዚህ ከተማ ምክር መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ጅቡቲ ዝናብ እንጂ ምክር ቸግሯት አያውቅም። ሰባት ሰዓት ገደማ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ይገባል። መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እያስጮሁ በየሰፈሩ ይበታተናሉ፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ወንዱ ሁሉ የጫት እስሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ መብራዙ ይሄዳል። መብራዝ የምንለው ፍራሽና ትራስ ግድግዳውን ተከትሎ የተዘረጋበትን፣ ወንዶች አንድ ላይ የምንቅምበትን ክፍል ነው። መጀመሪያ ላይ መተራረብ ነው። ቆይቶ ምርቃናው ሲገባ እያንዳንዱ ሰው አባት ይሆናል፣ መካሪ ይሆናል። እኛ መብራዝ ውስጥ ያልተሠራ ፎቅ፣ ያልተገዛ መርከብ፣ ያልታረቀ ባልና ሚስት የለም። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሁሉም ነገር ከገራባው ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

አንድ ሕግ አለ። ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። በምርቃና የተባለ ነገር በማግስቱ ጠዋት አይነሳም። «ትናንት ልትሰጠኝ ቃል ገብተህ ነበር እኮ» ብሎ ጠዋት ሰው በር ላይ የሚቆም ወንድ እንደ ነውረኛ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ጫት ጀባ የሚለውም የለም። ሕጉን እኔም አውቀው ነበር። የተሳሳትኩት የእኔን ጉዳይ አይመለከትም ብዬ ነው።

ያኔ ሃያዎቹን ልጨርስ ምንም አልቀረኝም ነበር። አባቴ ድሬዳዋ ላይ ሞተው፣ ወዳጃቸው የነበሩ አንድ ሐጂ እዚህ አምጥተው ሱቃቸው ውስጥ አስገቡኝ። ዛሬ የእኔ የሆነው ሱቅ ያ ነው።

ሐጂ ሁለት ሰው ነበሩ። የጠዋቱ ሐጂ የጫት ሀራራ የያዛቸው፣ ግንባራቸውን በሻርፕ ያሰሩ፣ ሰላምታን እንደ ስድብ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃቸው እንኳ የተደፈሩ ይመስላቸዋል። የከሰዓቱ ሐጂ ደግሞ ልጄ እያሉ ለጋ ለጋውን ጫት መርጠው የሚያቀብሉ፣ የሰው ሐዘን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር ናቸው። እኔ የምወደው የከሰዓቱን ነበር። ማን አይወድም?

«ወንድ ልጅ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል» ብለው ይጀምራሉ ሁልጊዜ። ሦስቱ ነገሮች ግን በየቀኑ ይለዋወጣሉ። ትናንት ትዕግሥት፣ ሱቅና ሚስት የነበሩት ዛሬ ጤና፣ መሬትና ወዳጅ ይሆናሉ። እኔ ሁሉንም በልቤ እይዝ ነበር። ሰው ለመሆን ቸኩዬ ነበር፤ ሰው የሚኮነውም ምክር በመስማት ይመስለኝ ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረች። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። ዓርብ ጠዋት ስትለቀቅ አርሂባ ሰፈር ወዳለው አጎቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ በመንገዷ ሱቃችን ጎራ ትላለች። መጀመሪያ የመጣች ቀን የጠየቀችውን ጨርቅ አጣምሜ ቆረጥኩባት። አየችውና «የእኔ ሠራተኛ ብትሆን ዛሬውኑ አባርርህ ነበር» አለችኝ። የሰው ቤት ሠራተኛ መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የአንድ ትልቅ ነጋዴ ልጅ መስላኝ ጨርቁን አስተካክዬ ቆርጬ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ እስከ በሩ ሸኝቻታለሁ።

ወደድኳት። ሌላ ቃል የለውም። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ያለው ቀን ዓርብን ለመጠበቅ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

አጎቷ ወደብ ላይ በጫኝነት የኖረ፣ ከሐረር አምጥቶ እንደ ልጁ ያሳደጋት ሰው ነው። መዋደዳችንን ስትነግረው አልተቆጣም። «የወንድሜን ልጅ መንገድ ላይ አልሰጥም። ሽማግሌ ይላክ» አለ። ቀጠለና ረመዳን ሳይገባ ከመጡ ጥሩ፣ ካልመጡ ግን በወግ ለጠየቀ ሌላ ሰው እንደሚድራት ነገራት። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እሱም አርጅቶ ነበር፣ እሷን ሳያይዝ መሞት ፈርቶ ነበር።

ጅቡቲ ውስጥ ዘመድ የለኝም። ሽማግሌ ሊሆኑልኝ የሚችሉ ሐጂ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ልባቸው የሚከፈትበትን ሰዓት ጠብቄ፣ መብራዝ ውስጥ፣ ምርቃናው ጥሩ አድርጎ ሲይዛቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው።

አለቀሱ። እውነቴን ነው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «ሽማግሌህ እኔ ነኝ!» አሉ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «አባትህ ቢኖር ከእኔ በላይ ምን ያደርግልሃል? የፊታችን ዓርብ ራሴ እሄዳለሁ፣ ወላሂ!» መብራዙ በሙሉ «መብሩክ!» አለ። አንዱማ ለሠርጉ የሚታረደውን ግመል እዚያው መረጠ። የት እንደሚሄዱ፣ ልጅቷ የማን እንደሆነች ግን አልጠየቁኝም። እኔም ደስታው አፍኖኝ ልብ አላልኩትም።

ነገርኳት። እሷም ለአጎቷ «ዓርብ የጨርቅ ሱቁ ሐጂ ይመጣሉ» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ሐጂ ግንባራቸውን እንዳሰሩ ሱቅ መጥተው ሻያቸውን ጠጡ። ምንም አላሉም። ጨርቅ እያጣጠፍኩ በዓይኔ ጫፍ አያቸዋለሁ። አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ጃኬታቸውን ያደርጋሉ እላለሁ። ጁምዓ ደረሰ፣ ተሰገደ፣ ጫት ገባ። ከሰዓት መብራዝ ውስጥ ራሳቸው አነሱት። «ያ ጉዳይህ! አልረሳሁም፣ የፊታችን ዓርብ!» ካሉ በኋላ ጭኔን መታ መታ አድርገው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም ተጽናናሁ። ሞኝ ሲጽናና ማየት ነበር።

የሚቀጥለውም ዓርብ እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ያለውም እንደዚያው።

«ለምን ጠዋት አትጠይቃቸውም?» አለችኝ አንድ ቀን። ሱቁ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከዚያ በፊት አይቼባት የማላውቀው ድካም ፊቷ ላይ ነበረ።

«ጠዋት የጠየቃቸውን ሰው አይሆንም ነው የሚሉት።»

«ይበሉህ። አይሆንም ካሉህ ሌላ ሰው ትፈልጋለህ።»

ሳቅሁ። «አንቺ የወንዶችን ነገር አታውቂም» አልኳት። በሕይወቴ ብዙ የማይረባ ነገር ተናግሬአለሁ፤ መልሼ ብውጠው የምመኘው ግን ይህን ነው። እሷ አልሳቀችም። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት፣ የከባድ መኪና ሾፌር ሱቅ ገባ። አዲስ አበባና ወደቡ መካከል የሚመላለስ፣ አልፎ አልፎ ጨርቅ የሚገዛን የሐረር ልጅ ነው። ሐጂ የዚያን ቀን ሀራራቸው የባሰ ነበር፤ ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡለትም። እሱ ግን ሳይቀመጥ፣ መግቢያ ሳያበዛ ተናገረ።

«ሐጂ፣ ላገባ ነው። ሽማግሌ ይሁኑኝ።»

«የማን ልጅ ናት?» አሉ ሐጂ።

ይህን ጥያቄ ስሰማ እጄ ቆመ። ያን ሁሉ ከሰዓት ሲያለቅሱልኝ፣ ሲምሉልኝ፣ አንድ ጊዜ ያልጠየቁኝ ጥያቄ ነው። ሾፌሩ መለሰ። አርሂባ ነው አለ። አጎቷ ወደብ የሠራ ሰው ነው፣ እሷ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ፈረንጆች ቤት ናት አለ። ነጠላዋን የምትሰበስብ፣ ስትናገር የማትፈራ አንዲት ልጅ አይቶ ወድዷል። መውደድ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሐጂ አጉረመረሙ። ሙቀቱን ረገሙ፣ ሾፌሩን «ሰው በዚህ ሰዓት ይመጣል?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ተነስተው ጃኬታቸውን ማድረግ ጀመሩ።

«ሐጂ» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ሐጂ፣ እኔም እኮ የነገርኩዎት…»

«ከሰዓት!» አሉ ሳይዞሩ። «ከሰዓት እናወራለን። አንተ ጨርቁን እጠፍ።»

ከጎረቤት ሱቅ አንድ ሌላ ሽማግሌ ጠርተው አርሂባ ሄዱ። ሾፌሩ እንደ ወጉ ቀርቶ ከእኔ ጋር ጠበቀ። ተጨንቆ ነበር፤ እግሩን ያወዛውዛል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ሻይ አቀረብኩለት። እሷ የእኔ ናት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን በምን አፌ? እኔ ሽማግሌ አልላክሁም። የላክሁት ምርቃና ነው። ጫት ሳይገባ ተመለሱ፤ እሺ ተብለዋል።

ከሰዓት መብራዝ ውስጥ ሐጂ ፊታቸው ፈክቶ ትራሱን አስጠጉልኝና «ያ ጉዳይህስ? የፊታችን ዓርብ እንሄዳለን!» አሉኝ። የሄዱበት ቤት ያው መሆኑን አያውቁም ነበር። «አልፏል» አልኳቸው። «አይዞህ» አሉኝ፤ «ወንድ ልጅ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል…»

ያው ቤት መሆኑን ሳይሰሙ ሞቱ። ልጅ ስላልነበራቸው ሱቁ ለእኔ ቀረ። መብራዝ ውስጥ የሚቀመጡበት ጥግም እንዲሁ።

ባለፈው ሰሞን፣ ሱቅ ልዘጋ ጥቂት ሲቀረኝ፣ እሷ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገባች። በዚህ ሁሉ ዘመን ገበያ መሃል እየተያየን ተላልፈናል፤ ሱቄ ገብታ ግን አታውቅም። አንድ ረጅም ጎረምሳ ልጇን አስከትላለች። «ጫት ሳይገባ ልድረስብህ ብዬ ነው» አለችኝ። «ትምህርቱን ጨርሷል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ ‹ራሴን እየለወጥኩ ነው› ይለኛል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብለው የለ? አንተ የምትከበር ሰው ነህ።»

ልጁ ጨዋ ነው። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ አንድ ጡንቻማ ሰው ይጮኻል። አሸናፊ ወንድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል ይላል። ጅቡቲ ላይ በሐምሌ ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያገኝ ሰው ካለ እኔንም ይጥራኝ አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ቁርጥ እሷን ነው።

«ቶንቶን» አለኝ፣ እዚህ አድገው አጎት ለሚሉት ሁሉ እንደሚሉት። «ዋናው ነገር ምንድን ነው? ለወንድ?»

ሦስት ነገር ልለው ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ከሰው የምትፈልገው ነገር ካለ ጠዋት ጠይቅ» አልኩት። «የሚያቅፍህን ሰው ሳይሆን የሚቆጣህን ጠይቅ።»

«ኡዊ!» አለ በፈረንሳይኛ፣ ደስ ብሎት። «እሱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ማለዳ መነሳት!» አመስግኖኝ የእናቱን ዘንቢል ይዞ ወጣ።

እሷ አልወጣችም። መቀሱ ያለበት ጠረጴዛ ላይ እጇን አሳርፋ ቆመች።

«አጎቴ በዚያ ሰሞን ዓርብ በመጣ ቁጥር በጠዋት ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ በሩን ከፍቶ ይቀመጥ ነበር» አለች። «የጨርቅ ሱቁ ሐጂ ይመጣሉ ብዬው አልነበር? በመጨረሻ ሲመጡ በሩ ላይ ሲያያቸው፣ ገና ሳይቀመጡ፣ ‹እንኳን መጣችሁ፣ ልጅቷ የእናንተ ናት› አላቸው። የሙሽራውን ስም የነገሩት ከዚያ በኋላ ነው።»

መቀሱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ለሽማግሌ የተሰጠ ቃል እንዴት ይመለሳል? እሺ ያለው ግን ለአንተ ነው» አለች። «እስኪሞት ድረስ እኔን ባየ ቁጥር የሚያዝነው በዚያ ነበር። አንተም እንድታውቀው ብዬ ነው።»

ከዋናው መንገድ የመኪኖቹ ጥሩምባ ተሰማ። ጎረቤቴ የሱቁን የቆርቆሮ በር ወደ ታች ሲስበው ይንቋቋል። እሷም ሰማች። ነጠላዋን ሰበሰበች።

«በል ሂድ» አለችኝ። «ጫት ገባ።»